ማኖ የነካሁበት ሐሙስ

ልጄ ሚካኤላ ፊዚዮቴራፒስት ናት። እኔ ደግሞ ቁርጥማት አለብኝ። ሰው ይህን ሲሰማ «ታድለህ» ይለኛል። ምኑን ታደልኩት፤ ስድስት ወር ሙሉ «አባዬ፣ ተንቀሳቀስ» ስትለኝ «የታመመ ያርፋል» እያልኩ ስሟገታት ነው የከረምኩት። ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው የሸሚዜን ቁልፍ ባለቤቴ ዘውድነሽ ስትቆልፍልኝ እንኳ ሙግቴን አልተውኩም።

ሐሙስ ጠዋት ሚካኤላ ደወለች።

«አባዬ፣ ፕሊስ ሊልበርን ከተማ ያለው አዳራሽ ድረስ ና። ዛሬ ስምንት ሰው እስከ መጨረሻው ካልቆየ ክላሴን ካንስል ያደርጉታል። ሰባት ነው ያለኝ።»

«ክላሱ በስፓኒሽ አይደል እንዴ?»

«ኢትስ ኦኬ፣ እኔን እያየህ ትሠራለህ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፣ አልኩ በልቤ። ግን ቁርጥማት ላለባቸው ላቲኖዎች ይህን ስፖርት ለማስጀመር በየሱቁና በየቸርቹ ወረቀት ስታድል ስንት ቅዳሜዋን እንደሠዋች አውቃለሁ። ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ሰዎቹ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተቀምጠዋል። አጠገቤ ዶን ቼፔ የሚሏቸው የሆንዱራስ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጣራ ሲሠሩ የኖሩ። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ኮፍያቸውን አነሡና እያጉረመረሙ ወደ በሩ አመሩ። ቋንቋውን ባላውቅም ገባኝ፤ የእኔው ሙግት ነበር፤ የታመመ ያርፋል። የልጄ ፊት ጠቆረ። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ።

እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። «ማኖስ አሪባ!»

ማኖ? እኔ በጉርምስናዬ የሰፈር ቡድን ተከላካይ ነበርኩ፤ በአንድ ማኖ ዋንጫ ያስበላሁ ሰው ነኝ። ሳላስበው ሁለት እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። ሌላው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ማኖ አልሽ እኮ። እንዳልነካ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። እንደ ምንም ተረጋግታ ለሰዎቹ አስረዳቻቸው፦ በእነሱ ቋንቋ እጅ የሆነው ቃል እኔ ዘንድ ኳስ በእጅ መንካት ነው። ዶን ቼፔ የበሩን እጀታ እንደያዙ ዞሩ። ለካ እነሱም ሜዳ ላይ እንዲሁ ነው የሚሉት። ጣታቸውን ቀስረው «ማኖ!» ብለው እንደ ዳኛ ፈረዱብኝና እየሳቁ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሚካኤላ ጊዜ አላጠፋችም። ከቦርሳዋ ለስላሳ ኳስ አውጥታ በተቀመጥንበት በእጅ እንድንቀባበል አደረገችን። ዶን ቼፔ ወደ እኔ ወረወሩ። ጣቶቼን አመመኝ፤ ግን ታጠፉ፤ ኳሱንም ያዙ። አዳራሹ በሙሉ «ማኖ!» አለና አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ስምንታችንም ነበርን። ልጄ ስማችንን መዝግባ ወደ መኪናዬ ሸኘችኝ።

«ማኖ ነክቻለሁ» አልኳት።

የኳሱ መስሏት ሳቀች።

«የዛሬውን አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ ያንቺን ምክር አልሰማም ስል ነው ማኖ የነካሁት።»

ሳቋን ትታ አቀፈችኝ። የሚቀጥለው ሐሙስ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኋት።