የመምህሩ ጣሳ

ወንድሜ ራጋቫያ ሲያለቅስ ያየሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሲኒማ ቤት ውስጥ። አባታችን ሲሞት እንኳ ዓይኑ አልረጠበም።

የመጀመሪያው ጊዜ እሁድ ከሰዓት ነበር። ቤተሰቡን በሙሉ ትራክተሩ ላይ ጭኖ ቴናሊ ከተማ ወሰደን። ፊልሙ ላይ ጺሙን ያሾለ ባለመሬት አለ። ሴት ልጁ የታችኛውን ሰፈር ልጅ ወደደች ብሎ ምድር ቁና ይሆንበታል። መጨረሻ ላይ ግን የልጁን ድሃ አባት እጁን ይዞ አጠገቡ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ ወንድሜ ትከሻው ላይ የጣለው ጨርቅ እስኪርስ ድረስ ተንሰቀሰቀ። ስንመለስም ትራክተሩ ላይ ሆኖ፣ “እትዬ ናንቻራማ፣ ሰው ማለት እንዲህ ነው! ደም ያው ደም ነው!” አለኝ። እኔ ሞኟ አመንኩት።

በአራተኛው ቀን የገዛ ልጁ የሃይማ ነገር ወጣ።

ዴቫዳናም የሚባል መምህር አለ፤ የታችኛው ሰፈር ልጅ ነው፤ በእኛ ወግ እነሱን ወይም ዕቃቸውን የነካ ይረክሳል። የራጋቫያን ሁለት ወንዶች ልጆች ሂሳብ ሊያስጠና በየቀኑ ይመጣል። ልጆቹ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፣ እሱ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ይቀመጣል። ውሃ ሲጠማው የሚጠጣበት ጣሳ ለብቻው የኒም ዛፉ ላይ ሚስማር ተመትቶለት ተሰቅሏል። ጣሳውን ያነሳል፣ እኛ ከላይ ሳንነካው እናንቆረቁርለታለን። ሚስማሩን ማን መታው? እኔ ነኝ። ምን ልዋሽ! በገዛ እጄ መትቼ፣ በገዛ እጄ ሰቀልኩት። ዲግሪ ያለውን ሰው የሰባት ዓመት ውርጋጥ ሳይቀር “አንተ” ይለዋል። እና በዚያ ቀን ሃይማ ውሃ እየቀዳችለት፣ “ልጨምርልዎት?” አለችው። “እርስዎ” ማለቷ ነው! እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ወደቀ። ስትጠየቅም አልካደች። “አገባዋለሁ” አለች፣ ፊት ለፊት።

ሲመሽ ወንድሜ ቤቴ መጣ።

“እትዬ፣ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል እንበለው። ሃይማን ለልጅሽ ለባስካር ውሰጃት፤ ዓርብ ቃል እንሰር።”

በእኛ ወግ የወንድም ሴት ልጅ አስቀድማ ለእህቱ ወንድ ልጅ ናት። ሃይማ ገና ጡት ሳትጥል “የባስካር ሚስት” እየተባለች ነው ያደገችው። እውነቱን ልናገር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ምራቴ እስክትሆን ስቋምጥ ኖሬአለሁ። አሁን እንዲህ እንደ ተረፈ ምግብ ሲያቀርብልኝ ግን አንገቴ ላይ ቆመብኝ።

“እሁድ ያለቀስከውስ?” አልኩት።

“እትዬ ደግሞ! እሱ እኮ ሲኒማ ነው።”

ወይ ነዶ! ያኔ ፊቱ ላይ ባለመትፋቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

“የልጅቷስ ልብ?”

“ልቧን ዋጥ ታድርገው።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ “እምቢ ካለችም የመስኖው ቦይ ጥልቅ ነው” አለኝ። ሳይንተባተብ፣ የከብት ዋጋ እንደሚነግረኝ ሁሉ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ ያለውን ያደርጋል።

እሱ ሲወጣ ባስካር ከጓዳ ብቅ አለ። ልጄ መብራት ኃይል ይሠራል፤ ከዴቫዳናም ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል።

“እማዬ፣ ሃይማ እህቴ ማለት ናት። ዓርብ በሽማግሌው ሁሉ ፊት እምቢ ልበል?”

“አንተ እምቢ ብትል እስከ ማታ ሌላ የዘመድ ልጅ ይፈልግላታል። ዝም በልና አዲሱን ሸሚዝህን ልበስ” አልኩት። እኔ ራሴ ምን እንደማደርግ ገና አላወቅኩም ነበር።

ዓርብ ጠዋት የወንድሜ ግቢ በሽማግሌ ሞላ። የቤተ መቅደሳችን ቄስ ኮከብ ቆጥረው ሰዓቱን አውጥተዋል፤ ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት በድግስ የሚታኘከው የቤተል ቅጠል፣ ሙዙና እርዱ የተደረደረበት ሳህን ከልጅቷ አባት እጅ ወደ እኔ እጅ ካለፈ አለቀ፣ ቃል ታሰረ ማለት ነው። ሃይማ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ አብጦ አይታይም። አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። አልለመነችኝም። እኔንም ከሌሎቹ ጋር ቆጥራኛለች። ያ አስተያየት ከስድብ በላይ አቃጠለኝ።

ራጋቫያ ሳህኑን አንስቶ ወደ እኔ ዞረ። እኛ በረንዳው ላይ ነን፤ ከኋላው የኒም ዛፉ ይታየኛል። ጣሳው ተሰቅሏል።

“ቆይ፣ ውሃ ጠማኝ” አልኩ።

ሄጄ ጣሳውን ከሚስማሩ አወረድኩ። ተመልሼ የቤቱ የመጠጥ ውሃ ያለበት ማሰሮ ውስጥ እስከ ክንዴ ነከርኩት። ቆሜም እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣሁት።

የወንድሜ ሚስት ጮኸች። “እትዬ! የማን ጣሳ እንደሆነ ጠፋሽ?”

“እኔ ሰቅዬው ይጠፋኛል?”

ቄሱ ልብሳቸውን ሰብስበው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እኔ እንደገና ቀድቼ፣ “ባስካር፣ ና ጠጣ” አልኩ። ልጄ ዓይኑን ሳያሽ መጥቶ ጠጣ። አፉን በአዲሱ ሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

“በል ራጋቫያ! አማችህ ይኸውና፣ እኔም ይኸውና። ሳህኑን አቀብለኝ። ከእጅህ ወደ እጄ፣ እንደ ወጉ!”

ሳህኑን ይዞ ደርቆ ቀረ። የታችኛው ሰፈር ጣሳ የነካው አፍ ለእሱ ያው የታችኛው ሰፈር አፍ ነው፤ ለልጄ ከሰጣት ለመምህሩ መስጠቱ ምን ነበረበት? ይህን ሽማግሌዎቹም ገባቸው፤ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ቄሱ ከሩቅ፣ “ማንጻት ይቻላል፣ ሥርዓት አለው፤ ግን ቀናት ይፈልጋል፣ ሰዓቱም እያለፈ ነው” ብለው አጉተመተሙ።

“አንቺ እርኩስ!” ብሎ ወንድሜ ሳህኑን ወረወረና ሊመታኝ እጁን አነሳ። እጁ አየር ላይ ቆመ።

ሊነካኝ አይችልም! በሽማግሌዎቹ ሁሉ ፊት ቢመታኝ የረከሰችውን ነካ ይባላል። በሕፃንነቱ ያዘልኩት፣ ንፍጡን የጠረግኩለት ወንድሜ፣ እኔን መንካት ፈርቶ ቆመ። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ፣ ከሁሉ በላይ ግን ንዴቴ። ሄጄ ሃይማን እጇን ያዝኳት።

“ነካኋት! እሷንም ነካኋት! ማስቀረት የሚፈልግ ይምጣና ይንካን!”

ኮርማ በቀንዱ ይዘው የሚጥሉ ወንዶች ግድግዳውን ተጠግተው መንገድ ለቀቁልን። ልጅቷ ጫማ እንኳ አላደረገችም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ “አባዬ” አለችው።

ወንድሜ አላያትም። “ማሰሮውን ስበሩት” አላቸው ለሠራተኞቹ።

በሳምንቱ ሃይማና ዴቫዳናም ከተማ ሄደው ጋብቻቸውን ተፈራረሙ፤ ባስካር ምስክር ሆነ። እኔ የአባቴን ቤት አጣሁ። በየዓመቱ ለመከር በዓል ከወንድሜ ቤት የሚላክልኝ የሳሪ ልብስ ቀረ። ይቅር፣ እርሜን አውጥቻለሁ። ጣሳውን ግን ይዤው ወጥቻለሁ፤ ዛሬም የምጠጣው በእሱ ነው።

ይህ ከሆነ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃይማና ዴቫዳናም ቴናሊ ከሲኒማ ቤቱ በስተጀርባ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ ሁለት ልጆች አሏቸው። ባለፈው ወር ያ ፊልም ተመልሶ መጣ። እነሱን ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር ገባሁ። ከፊቴ ባለው ረድፍ ያ የማውቀው ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ራጋቫያ ነው። ባለመሬቱ የድሃውን እጅ ሲይዝ፣ እዚያችው ቦታ ላይ፣ ይንሰቀሰቃል።

መብራት ሲበራ ወደ ጆሮው ጎንበስ አልኩ።

“ራጋቫያ፣ ልጅህ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ናት። ትልቁን ልጇን በአንተ ስም ነው የምትጠራው። ና እንሂድ፣ እንባህ ሳይደርቅ።”

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ገና እርጥብ ነው። ከዚያ ወንበሩ መደገፊያ ላይ የተንጠለጠለውን የትከሻ ጨርቁን፣ እጄ እንዳይነካው ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሰበሰበ። ተነሳና በሌላኛው በር ወጣ።

“ለሲኒማ ሸራ የምታለቅስ!” ብዬ ጮህኩበት። “ለሸራ! ደጋግመህ አልቅስ፣ እሱ አይነካህም!”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ይየኝ።