በባቡር ፓስ የመጣች ቂም

ሮስቪታ ከግራትስ ተነስታ በርሊን ድረስ የመጣችው ሙዚየም ልታይ አይደለም። አንድ ሰው ፍለጋ ነው። ስሙን አታውቀውም፤ ፊቱን ግን ከሺህ ሰው መሃል ትለየዋለች። አምና ከከተማው ባቡር አስወርዶ አርባ ደቂቃ የገተራት ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እህቷ ትራውደ በርሊን ሆስፒታል ተኝታ ሮስቪታ "ቶሎ ድረሽ" ተባለች። አውሮፓን በሙሉ የሚያስኬደውን የባቡር ፓስ ገዛች፤ የጉዞውን ቀን በእስክሪብቶ ሞልታ፣ ድንበር ተሻግራ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጓዝ ውላ ደረሰች። ከዋናው ጣቢያ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው ኤስ-ባን የሚሉት የከተማ ባቡር ነው። እሱ የአገሩ ምድር ባቡር ድርጅት ስለሆነ በፓሱ ይኬድበታል፤ የማይኬድበት ከመሬት ስር ያለው ኡ-ባን ነው። ይህን ሁሉ አጣርታ ነው የተነሳችው።

ያ ጎረምሳ ግን ፓሱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፣ "እማማ፣ ይቺ ለሩቅ አገር ናት። ለከተማ ቲኬት ይቆረጣል። በሉ ይውረዱ!" አላት።

"እህቴ እየሞተች ነው ልጄ። የፈለግከውን ቅጣት ጻፍብኝ፤ ብቻ ልሂድ።"

"እዚህ ባቡር ላይ እህቱ የማትሞት የለም" ብሎ ሳቀባት።

ተሳፋሪው ሁሉ እያያት ወረደች። መታወቂያዋን ይዞ፣ አለቃዬ ስልክ ያንሳ እያለ፣ አርባ ደቂቃ አቆማት። ሆስፒታል ስትደርስ ትራውደ ካረፈች ሩብ ሰዓት ሆኗታል። ነርሷ "ስምሽን ስትጠራ ነበር" አለቻት። ከሁለት ወር በኋላ "ስህተት ስለነበር ቅጣቱ ተሰርዟል" የሚል ደብዳቤ መጣ። ድንቄም ደብዳቤ!

የአሁኑ ፓስ የሰባት ቀን ነው። አንዱ ለመምጫ፣ አንዱ ለመመለሻ፤ አምስቱን ለእሱ መደበች። የከተማ ቲኬት ይረክሳል፤ ግን በዚያው ፓስ ካልሆነ ምኑን በቀል ሆነ? በየጠዋቱ ቀኑን እየሞላች ያንኑ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰችበት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እሷ ጸሎቱን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። ሐሳቧ አንድ ነው፤ "አይሠራም፣ ይውረዱ" ይበላት እንጂ ደንቡን በሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ ያኔ እሱም ውርደትን ይቀምሳታል።

አራት ቀን በከንቱ አለፈ። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ "ቲኬት!" የሚል ድምፅ ሰማች። እሱ ነው፤ ትንሽ ወፈር ብሏል። ፓሱን ዘረጋችለት።

አየት አደረገና፣ "ትክክል ነው። መልካም ጉዞ፣ እናቴ" ብሎ መለሰላት።

ሮስቪታ ደሟ ፈላ። "እንዴት ነው ትክክል የሚሆነው? ለሩቅ አገር ናት በለኛ!"

"ኧረ በኤስ-ባን ይሠራል። ማነው አይሠራም ያለዎት?"

"አንተ ነሃ! አንተ ዓይንህን በጨው ያጠብክ!"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ብድግ ብላ አንድም ሳታስቀር ተናገረችው፤ ስለ ሳቁም፣ ስለ ሩብ ሰዓቷም። የልጁ ፊት አመድ መሰለ።

"ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "እንዲህ ያለ ፓስ አይቼ አላውቅም። አላውቀውም ማለት አፈርኩ። ይቅር ይበሉኝ... ምን ላድርግልዎት?"

"ትወርዳለህ። እኔን ያቆምክበት ቦታ አርባ ደቂቃ ትቆማለህ።"

እሺ ይላል ብላ አልጠበቀችም። እሱ ግን የሥራ ባልደረባውን "አንተ ቀጥል" ብሎት፣ ያ ጣቢያ ሲደርሱ ተከትሏት ወረደ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ሰዓቷን ታያለች፤ እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ፊቷ ተገትሯል። እሰይ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ስልኩ ጠራ። አየውና አላነሳም። ደግሞ ጠራ።

"እማማ" አላት፣ "ከልጄ የሕፃናት መዋያ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ሌሎቹ ሁሉ ተወስደው እሷ ብቻዋን ቀርታ ነው የሚደውሉት።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"አራት።"

ሮስቪታ አፏን ከፈተች። ሂድ ልትለው ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ልትለው ነበር። ግን የትራውደ እጅ እንዴት እንደቀዘቀዘ ትዝ አላት።

"ትጠብቅ" አለችው። "አሥር ደቂቃ ይቀርሃል።"

ቆመ። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠርቶ ዝም ሲል እንባው ወረደ። ሮስቪታ አንድ ደቂቃ አልቀነሰችለትም። ሲሞላ "በቃ" አለች።

"ይቅር አሉኝ?"

"አላልኩህም። ሩጥ!"

ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወጣ። እሷ አግዳሚው ላይ ቀረች። አይታት የማታውቃትን ሕፃን አሰበችና በራሷ አፈረች፤ እሱን ግን አሁንም አልማረችውም።