በጫት ሰዓት የተለካ ጭስ

ከቀትር በኋላ የኢትዮጵያ ጫት ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሰባት ሲደርስ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ሱቅ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላውን ይዞ ይቀመጣል። ከፀዳል መስኮት ሥር ባለው ባዶ ቦታ ግን ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። የአለምሰገድ ስምንት ከባድ መኪኖች እዚያ ተደርድረው ይቆማሉ። ሾፌሮቹ ጋቢና ውስጥ ይቅማሉ፤ ቀዝቃዛው አየር እንዳይቋረጥባቸውም ሞተር አያጠፉም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጭሱ ሽቅብ እየወጣ የሰባት ዓመት ልጇን የፅዮናዊትን ደረት ያፍናል። ልጅቷ አስም አለባት።

ፀዳል አንድ ቀን ባለመኪናውን ለምናው ነበር።

"ጋሽ አለምሰገድ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ሞተሩን ያስጠፉልኝ። ልጄ መተንፈስ አቃታት።"

"በዚህ ሙቀት ሾፌሮቼ ይቀቀሉልሽ?"

"ትንሽ ራቅ ብለው ቢቆሙስ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ናፍጣውን እኔ ገዝቼ ጭሱን በነፃ ታሸቻለሽ። ምስጋና አይገባኝም?"

ሾፌሮቹ በየጋቢናቸው ሳቁ። አንዱማ ሳቁን ጡሩምባ በመንፋት አጀበው።

በሦስተኛው ቀን የፅዮናዊት ከንፈር ጠቆረ። ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎላት ሁለት ቀን ተኛች። ፀዳል ከአልጋው ግርጌ ተንበርክካ "አምላኬ፣ ልጄን ማርልኝ" አለች። ቀጥላ ደግሞ "እሱን ግን እንዳትምረው" አለች። እንዲህ ያለ ጸሎት ኃጢአት እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ደገመችው።

ፀዳል ጠዋት ጠዋት ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ሄዳ የመኪና ጭስ የሚለካ መሥሪያ ቤት ታጸዳለች። እዚያ ዓብዱልጀሊል የሚባል ቴክኒሻን አለ። ጅቡቲያዊ ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው እንደ ውኃ ይፈስሳል። ከሆስፒታል በወጡ ማግስት መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጠየቀችው።

"የአለምሰገድ መኪኖች እንዴት ነው ምርመራውን የሚያልፉት?"

"ጭሳቸው ንጹሕ ነዋ እህቴ። መሣሪያው አይዋሽም።"

"መሣሪያው አይዋሽም፤ ካሣ ነው የሚዋሸው።"

ካሣ የአለምሰገድ መካኒክ ነው። የምርመራ ቀጠሮ ሲደርስ የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን ያጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ናፍጣ ስለሚያንሰው ጭሱ ይነጣል። መኪናው አልፎ ሲመለስ ብሎኑን መልሶ ይለቀዋል፤ አለበለዚያ ጭነት ይዞ የኢትዮጵያን ዳገት አይወጣም። ፀዳል ይህን ከመስኮቷ ሆና ወራት ሙሉ አይታለች።

ዓብዱልጀሊል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አቤቱታ ካቀረብሽ ያለ ቀጠሮ እዚያው ሄደን እንለካለን። ያጨሰ መኪና ሰሌዳው ይፈታል፤ እስኪጠገን ወደብ አይገባም።"

"ወደብ አይገባም?"

"በሩንም አያይ።"

ያን ቀን አቤቱታዋን በቃል አስመዘገበች፤ ወለሉን ስታጥብም ሳታውቀው ታንጎራጉር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ግን የጭንቅ ሆነ። አለምሰገድ ያውቅብኝና ከቤት ያስወጣኛል፤ ሰው ልኮ ያስደበድበኛል፤ የመኖሪያ ወረቀት የላትም ብሎ ያስይዘኛል፤ በሩን ከውጭ ቆልፎ እሳት ይለቅብኛል። አንዱ ሐሳብ ሲሄድ ሌላው ይተካል። ልብሳቸውን በሻንጣ ቋጠረች። የልጇን የሚሳብ መድኃኒት በሻርፗ ጫፍ አሰረች። ሀራሙስ ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምትሠራውን ጎረቤቷን አዳነችን ጠርታ "ከጠፋሁ ፅዮናዊትን አደራ" አለቻት።

"አበድሽ እንዴ ፀዳል?"

"ሲሆን ታዪዋለሽ።"

ማክሰኞ፣ ልክ በጫት ሰዓት፣ ዓብዱልጀሊል መሣሪያውን ተሸክሞ ከሁለት ፖሊሶች ጋር መጣ። አለምሰገድ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ ከወንበሩ ተነሳ። "ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው" አለ። ካሣ ብሎን መፍቻውን ይዞ ወደ መጀመሪያው መኪና ሊጠጋ ሲል ፖሊሱ በእጁ አስቆመው። ፀዳል በመስኮት ሆና ይህን ስታይ እልል ማለት ቃጣት።

ዓብዱልጀሊል የመሣሪያውን ቱቦ የጭስ መውጫው ማርሚታ ውስጥ ሰካ። "ነዳጅ ርገጥ! እስከ መጨረሻው!"

ሞተሩ አገሣ። እንደ ከሰል የጠቆረ ጭስ ሽቅብ ተተኮሰ።

"አራት ጊዜ ድገመው!"

ፀዳል ያንን መሣሪያ ዓመት ሙሉ አቧራውን ስትወለውል ኖራለች፤ ሲሠራ ግን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። ስለ እሳቱ፣ ስለ ዱላው፣ ስለ ፖሊሱ ስታስብ ከርማ፣ ጭስ ለመለካት መጀመሪያ ጭስ ማስወጣት እንደሚያስፈልግ አልጠየቀችም። ስምንት መኪና፣ ለእያንዳንዱ አምስት ጊዜ። ከኋላዋ የፅዮናዊት ደረት ማፏጨት ጀምሯል።

ልጇን አቅፋ ወደ ታች ሮጠች። ዓብዱልጀሊል አያትና ደነገጠ። "ላቁመው? ካቆምኩት ግን ምርመራው አይጸናም፤ ነገ ብሎኑን አጥብቀው ይጠብቁናል።"

ፀዳል አለምሰገድን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል። ይህን ፊት ስንት ቀን ተርባዋለች።

"ለካ!" አለችና ሮጠች።

አሮጌው ባቡር ጣቢያ እስክትደርስ አልቆመችም። ከባሕሩ በኩል ነፋስ አለ። መድኃኒቱን ከሻርፗ ፈትታ ለልጇ ሰጠቻት። አንዴ፣ ደግሞም ሌላ፣ ደግሞም ሌላ። ዛሬ ይህቺን ልጅ ያፈናት የእኔ ቂም ነው የሚል ሐሳብ መጣባት። ብዙ ከቆየ በኋላ ፅዮናዊት ራሷን ቀና አድርጋ "እማ፣ ውኃ" አለች። ፀዳል ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሲመለሱ ከስምንቱ መኪኖች የሰባቱ ሰሌዳ ተፈቷል። ሞተሮቹ ጠፍተዋል። ሾፌሮቹ በላብ ተጠምቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አለምሰገድ ወደ ፀዳል መጣ።

"እህቴ" አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። "አቤቱታውን አንሺልኝ፤ በማስጠንቀቂያ ያልፉኛል። በእናቴ አጥንት፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አንድም መኪና አይቆምም።"

"የት ሊቆሙ?"

"ካርቲዬ አምስት። እዚያ ከሚቆሙት ከሌሎቹ ሦስት መኪኖቼ ጎን ቦታ አለኝ።"

ዓብዱልጀሊል የአቤቱታውን ወረቀት እንደያዘ ፊርማዋን ይጠብቃል። እሺ ብትል ልጇ ከዛሬ ጀምሮ እፎይ ትላለች። ፀዳል ይህ አልጠፋትም።

"ካርቲዬ አምስት ልጅ የለም?" አለች።

ወረቀቱን ተቀብላ ፅዮናዊትን ሳታወርድ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች፤ እስክሪብቶውን ስትጫነው ወረቀቱ ተበሳ።

"ሦስት መኪና ካርቲዬ አምስት አለው፣ ሰማህ አይደል?" አለችው ዓብዱልጀሊልን።

"ነገ እንሄዳለን።"

"ነገማ ካሣ ይቀድምሃል። ዛሬ እንሂድ። እኔ ግን ቀድሜ ልግባ፤ ጭሱ ሳይነሳ እናቶቹ ልጆቻቸውን ያውጡ።"