በእጄ፣ በጆሮዬ፣ ይመስለኛል

የስፌት መኪና መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም አክስቴ የልብስ ስፌት ሱቋን ጥግ በመጋረጃ ከልላ አንድ ጠረጴዛ ሰጠችኝ፤ እኔም የሞተ መኪና እየፈታሁ መግጠም ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ስገጥም ሦስት ብሎን ተረፈኝ። ሁለተኛው ላይ አንድ። ሦስተኛው ላይ ምንም አልተረፈኝም፣ መኪናውም ሰፋ። ከዚያ ወዲህ ዲፕሎማ አለኝ የሚል ሰው ፊት አንገቴን ደፍቼ አላውቅም።

ስልኬ ላይ ግሩፕ የከፈትኩት ከንዴት የተነሳ ነው። ሌሎቹ የጠጋኞች ግሩፖች ውስጥ አንዱ «መኪናዬ ክር ይበጥሳል» ብሎ ሲጠይቅ አርባ ሰው ይመልስለታል፤ ከአርባው ሠላሳ ስምንቱ እንዲህ ያለ መኪና በዓይኑም አላየ። አንዱ መርፌ ቀይር ይላል፣ አንዱ ሽጠህ ተገላገል ይላል፣ አንዱ መሀል ገብቶ የሠርጉን ፎቶ ይለጥፋል። የኔ ግሩፕ ሕጉ አንድ ነው። መልስ የሰጠ ሰው ከመልሱ ሥር ከሦስት ቃል አንዱን ይጽፋል። ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ ሠርቶ ያየው ከሆነ «በእጄ»። ከሚያምነው ሰው የሰማው ከሆነ «በጆሮዬ»። አስቦ የደረሰበት ከሆነ «ይመስለኛል»። ሳይሠራ «በእጄ» ያለ ሰው ሦስት ወር መልስ አይሰጥም። መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈቀድለት።

መጀመሪያ ላይ «ይመስለኛል» ብሎ የሚጽፍ ጠፋ። ሁሉም ባለ እጅ ሆነ። ይህን የሰበሩት ጋሼ ዘይት ናቸው። በልብስ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት መካኒክ ነበሩ፤ የየትኛውም ብልሽት መልሳቸው ከዘይት ስለሚጀምር ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ ቀን ረጅም መልስ ጽፈው ሲያበቁ ከሥሩ «ይመስለኛል» አሉ። እሳቸው ካላፈሩ ማን ያፍራል? ከዚያ በኋላ ቃሉ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። አንዱ ያሰበውን ሌላው በእጁ ይሞክራል፣ ውጤቱን ተመልሶ ይጽፋል፣ የተረጋገጠውን እኔ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። ስድስት መቶ ሰው ደረስን፤ እኔንም መምህርት ይሉኝ ጀመር።

በሕጉ የተቀጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መፍቻ የምንለው ልጅ። የአንድ የቤት መኪና የኋላ ክዳን «አራቱን ብሎን ፈትቼ» ብሎ «በእጄ» አለበት። ያን መኪና ደግሞ እኔ እንደ ኪሴ ነው የማውቀው። «ወንድሜ፣ ክዳኑ ያለው ሁለት ብሎን ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከራስህ የወለቁ እንዳይሆኑ ፈትሽ» ብዬ ለጠፍኩበት። ግሩፑ በሳቅ ሞተ።  መፍቻ ከግሩፑ አልወጣም፤ ሦስት ወሩን መቁጠር ጀመረ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ጠየቀች። ግሩፑ ውስጥ ባለ ዩኒፎርሟ ነው የምንላት፤ በአንድ መኪና ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። መኪናው እየደከመ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሞተር እየጋለ አስቸግሯታል። ስድሳ ዩኒፎርም በአሥር ቀን ማስረከብ አለባት። እኔ በአንድ እጄ የደንበኛ መኪና ይዤ በሌላው ጻፍኩላት፦ «ሞተሩን ከመኪናው የሚያገናኘው ቺንጋ ላልቶ ነው። ሞተሩን ወደ ታች ስበሽ አጥብቂው። በእጄ።»

እንደ እሷ ያለውን ትልቅ የፋብሪካ መኪና በሕይወቴ ፈትቼ አላውቅም። የኔ እጅ የሚያውቀው ትንንሾቹን የቤት መኪናዎች ነው። ግን «በእጄ» ማለት እንደ ፊርማ ለምዶብኝ ነበር፤ ሳላስበው ወረደ።

ሐሙስ ጠዋት በግል የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት፣ አክስቴም ከመጋረጃው ወዲያ ሰማች።

«እህቴ፣ እንደምን አደርሽ። ሞተሩ ጭስ አውጥቶ ቆመ። እንዳልሽኝ ነበር ያጠበቅኩት፤ ምናልባት እኔ አብዝቼው ይሆናል። አንቺ እንኳ ደህና አድርገሽ ነግረሽኛል። እንዳታዝኚብኝ።»

 ቺንጋውን አውልቃ የእጅ ጎማውን እንድታዞረው ጠየቅኳት።

«ድንጋይ ሆኗል እኮ!» አለችኝ። «ማክሰኞም ጎማውን አዙሪ ብለሽኝ ነበር እንዴ?»

አላልኳትም። ቺንጋው አልላላም ነበር። የደረቀው መኪናው ራሱ ነው፤ ሞተሩ ድንጋይ ሲጎትት ነበር፣ እኔ ደግሞ ገመዱን አሳጠርኩበት።

«ማናት?» አለች አክስቴ።

«የግሩፑ ሰው ናት።»

«ሞተሯ ተቃጥሎ ለምንድነው አንቺን ይቅርታ የምትጠይቅሽ?»

ያልሰማሁ መስዬ ጋሼ ዘይት ጋ ደወልኩ። ገና ተናግሬ ሳልጨርስ «ዘይት!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲህ ያለውን ፈትተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሴትዮዋ ይህን አውቃለች?»

«ራሷን ነው የምትወቅሰው።»

 «እንግዲያው ሰርዢው፣ ልጄ። ትክክለኛውን በቦታው ጻፊ። ለአንቺ አድልቼ አይደለም። ሰዉ የሚያምነው ግሩፑን አይደለም፣ አንቺን ነው። ነገ አንቺም ዋሸሽ ከተባለ ያ ሁሉ ልፋት የሠርግ ፎቶ መለጠፊያ ሆኖ ይቀራል።»

እውነቱን ለመናገር ምክራቸው አንጀቴን አራሰው። መልእክቱን በጣቴ ተጫንኩት፤ ስልኩ «ለሁሉም ይጥፋ?» አለኝ። ልስማማ ስል ከሥሩ ያለውን አየሁ። አንድ ሻንጣ ሰፊ በዚያው ጠዋት ጽፏል፦ «የኔም ሞተር እንዲሁ ይግላል። ከምሳ በኋላ አጠብቀዋለሁ። መምህርት፣ እናመሰግናለን።»

ከስልኬ ባጠፋው ከሰውዬው ጭንቅላት አይጠፋም። ደወልኩለት፣ አያነሳም። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። ግሩፑ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ጻፍኩና፣ ልማድ ሆኖብኝ ከመለጠፌ በፊት ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። «ማስተካከያ። ማክሰኞ የተሰጠው መልስ ስህተት ስለተገኘበት...»

«ማን ሰጠው?» አለች አክስቴ። መጋረጃውን ገልጣ ቆማለች፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ፣ አፏ ውስጥ ሁለት ስፒል።

«አክስቴ፣ የጽሑፍ አነጋገር ነው።»

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ትናንት የዚያችን ደንበኛ እጅጌ ማሳጠሬን አይተሻል አይደል? 'እጅጌው አጥሮ ተገኘ' ልበላት? መቀሱን የያዝኩት እኔ ነኝ! ይልቅ ያንን መፍቻ የምትይውን ልጅ ስታበሻቅጪው እንዲህ ያለ የትሕትና ጽሑፍ የት ነበር? ብሎኑ ከራሱ እንደ ወለቀ ሁሉ ነግረሽው ነበር፤ አስቀሽኝ ነበር እኮ።»

  የጻፍኩትን ሰርዤ እንደገና ጀመርኩ፦

«ሻንጣ ሰፊው፣ ቺንጋውን አትንካ! አውልቅና የእጅ ጎማውን አዙር፤ ከከበደህ መኪናው ደርቋል፣ ዘይት አጠጣው። ይህ ከጋሼ ዘይት የሰማሁት ነው፤ በጆሮዬ። ማክሰኞ ግን ሳልሠራው በእጄ ብያለሁ። በኔ ቃል የባለ ዩኒፎርሟ ሞተር ተቃጥሏል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ዛሬ የአድሚንነቱን ሥልጣን ለጋሼ ዘይት አስረክባለሁ። ሦስት ወር መልስ አልሰጥም።»

ለጠፍኩት።  ከዚያ አንዱ «ጎበዝ» አለ፣ አንዱ የእጅ ጭብጨባ ላከ። አንዲት ሴት ደግሞ «ታዲያ እስከዛሬ በእጄ ያልሽን ሁሉስ?» ብላ ጠየቀች።

ይቺ ጥያቄ አጥንቴ ድረስ ገባች፣ ምክንያቱም ትክክል ነበረች። ቁጭ ብዬ የሁለት ዓመት መልሶቼን አንድ በአንድ አየሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ «በእጄ» ብያለሁ። ዘጠኙ ውሸት ነበሩ። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፣ ማንንም አላቃጠሉም፤ ግን ውሸት ናቸው። ዘጠኙን ዘርዝሬ ለጠፍኩ። አሥራ አንድ ሰው ከግሩፑ ወጣ። በልቤ ደህና ሁኑ አልኳቸው፤ አኩርፌ ግን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሻንጣ ሰፊው ብቅ አለ፦ «አወለቅኩ፣ አዞርኩ፣ ከብዶኛል። ዘይት ጠጣ፣ ለቀቀ። ሞተሩ ቀዝቅዟል። በእጄ።»

የባለ ዩኒፎርሟ ግን ሞተሩ ሞቷል፤ ስምንት ቀን ቀርቷታል። መጠየቅ አልተከለከልኩም፤ ጠየቅኩ። «የተቃጠለ ሞተር ሽቦ አውጥቶ በአዲስ መጠቅለል በእጁ የሚያውቅ አለ? ስድሳ ዩኒፎርም እየጠበቀው ነው።»

ማን መለሰ? መፍቻ። ሦስት ወሩ ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነበር።

«አሥራ ሁለት ሞተር ጠቅልያለሁ። በእጄ። የክዳኑንም ብሎን ቆጥሬያለሁ።»

ልመነው? ደሜ ፈላ፣ ወዲያው በረደ። እንደ ማንም ሰው ጠየቅኩት፦ የጠቀለልካቸውን አሳየኝ። የሞተሮቹን ፎቶ ከነባለቤቶቻቸው ስልክ ላከልኝ። ሁለቱ ጋ ደወልኩ፤ ይሠራል አሉኝ። ባለ ዩኒፎርሟ መኪናውን ዘይት ስታጠጣ እኔ ሞተሩን ተቀብዬ በታክሲ ይዤለት ሄድኩ።

ሱቁ የአንድ በር ስፋት ነው። የጣቶቹ ጫፍ በሽቦ ተቆራርጧል። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ በርጩማ ሳበልኝ።

«መምህርት፣ እኔ ሽቦውን ስጠቀልል አንቺ ዙሩን ቁጠሪ። ስልክ አይነካም።»

«ቁጥር የማላውቅ መሰለህ?»

«እስካሁን ያየሁሽ የሰው ብሎን ስትቆጥሪ ነው። የራስሽን እንይ።»

ያዞራል፣ እቆጥራለሁ። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል። አንዲት ደንበኛ መጥታ ስለ ቬንቲሌተሯ ነዘነዘችው፤ ለእሷ መልስ ሲሰጥ እጁ አላቆመም።

«ስንት ደረስን?» አለኝ።

«መቶ አርባ ስድስት... ይመስለኛል።»

እጁን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት። እኩል ሳቅን። ከዚያ ሽቦውን በሙሉ ፈታው፣ እንደገና ከአንድ ጀመርን።

ባለ ዩኒፎርሟ ሃምሳ አራቱን በቀኑ አስረከበች፤ ለስድስቱ ትምህርት ቤቱ ሁለት ቀን ጨመረላት። እንደ ድሮው እህቴ አትለኝም። ሰላም ትለኛለች፤ ለጊዜው ይበቃኛል።

ትናንት አንዱ ግሩፑ ላይ «መኪናዬ ጨርቅ አይስብም» አለ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስንቴ በእጄ ሠርቼዋለሁ። ጣቴን ስልኩ ላይ ሳመላልስ አክስቴ አይታ «ያሳክክሻል?» አለችኝ።

«ጥያቄ እኮ አልተከለከልኩም» አልኳት፣ ጻፍኩም፦ «ወንድሜ፣ ጨርቁን የሚስቡት ጥርሶች ሥር ያለውን ብናኝ ከጠረግከው ስንት ጊዜ ሆነህ?»

ጋሼ ዘይት ከደቂቃ በኋላ በግል ጻፉልኝ። «ይቺ ጥያቄ መልስ መልስ ትሸታለች። ለዛሬ አልፌሻለሁ።»