የኅዳር ፋሲካ

«ያዢልኝ እንጂ፣ ብሩክታዊት! እግሩን ያዢልኝ፤ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ሞቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በላስቲክ ታሽጎ የመጣ ነገር የት ያመልጣል?» አለች ሚስቱ። ቢሆንም የተርኪውን ቅልጥም በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችለት። ጀማነህ መጋዙን ገፋ፣ ሳበ፣ ገፋ። አጥንቱ ፒከሪንግተን ከተማን ከነመቃብሯ የሚቀሰቅስ ድምፅ አሰማ።

ጀማነህ የሚሠራበት የካናል ዊንቸስተር መጋዘን በየዓመቱ ለታንክስጊቪንግ፣ ለአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ለሠራተኞቹ ተርኪ የሚሉትን ግዙፍ የዶሮ ዘመድ ያድላል። ዘንድሮ ለእሱ የደረሰው ቀንድ ብቻ የጎደለው ወይፈን ነው። ሦስት ቢላ ዶልዶሞበት፣ በመጨረሻ ጋራዥ ገብቶ የእንጨት መጋዙን በፈላ ውኃ አጥቦ አምጥቷል። ፈረንጁ ጎረቤት ይህን ወፍ እንዳለ ምድጃ ውስጥ ከትቶ ኳሱን ያያል፤ ጀማነህ ግን አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት አለበት። አሥራ ሁለት ብልት ያልሞላ ወጥ እናቱ ፊት ቢቀርብ፣ ሰው ቤት የገቡ መስሏቸው ነጠላቸውን ፈልገው ይነሣሉ።

«ቀስ በል፣ ይሰማሉ» አለች ብሩክታዊት፣ ከኩሽናው ቀጥሎ ወዳለው ዝግ በር በአገጯ እያመለከተች።

ከበሩ በስተጀርባ የጀማነህ እናት ወይዘሮ እናናዬ ተኝተዋል። የመርሳት በሽታ ቤት ለቤት ዞሮ መብራት እንደሚያጠፋ ዘበኛ አንድ በአንድ አጥፍቶባቸዋል፤ የባላቸውን ሞት፣ ያሉበትን አገር፣ አንዳንድ ጧት የልጃቸውን ስም። አንዱ ብቻ አልጠፋ አለ፤ ጾም። መስከረም ላይ አንድ ጧት «ሑዳዴ ገባ» ብለው ተነሡ፤ ያ ሑዳዴ እስካሁን አልወጣም። ወተት ሲቀርብላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ፤ እንቁላል ሲሸታቸው ያማትባሉ። ሽሮውንም ቢሆን ሁለት ጉርሻ ቀምሰው «ሕማማት ነው» ይሉና ይገፉታል። ድሮ በር የሚሞሉት ሴትዮ፣ አሁን አልጋው ላይ መኖራቸው የሚታወቀው ብርድ ልብሱ ሲያስል ነው።

ሐኪሟ ነገሩን አላድበሰበሰችም። «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የሚበሉትን ሁሉ ስጧቸው። በዚህ ከቀጠሉ በረዶው ሲቀልጥ አያዩም» ብላለች።

የንስሐ አባታቸውም መጥተው ነበር። «እናቴ፣ የታመመ አይጾምም፤ ፈትቼዎታለሁ» አሏቸው። ወይዘሮ እናናዬ መስቀሉን ሦስት ጊዜ ተሳልመው፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ይህንን ለታመሙት ይንገሩልኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐሳቡን ያመጣችው የጀማነህና የብሩክታዊት ልጅ ሲና ናት። «ሑዳዴ ነው ብላ ካሰበች፣ ዋይ ዶንት ዊ ጀስት ዱ ፋሲካ? ፋሲካ እናድርግላት» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ። «ታንክስጊቪንግ ሁላችንም ኦፍ ነን።»

ጀማነህ ሰማ። እራት ተበልቶ ሳህን ሳይነሣ ሐሳቡ የራሱ ሆነ፤ በማግሥቱ ለሥራ ጓደኞቹ ሲያወራ ደግሞ በራእይ የተገለጠለት ነበር።

ችግሩ፣ ጾመ ነቢያት ሰኞ ዕለት መግባቱ ነው። ሕዝበ ክርስቲያን ሁሉ ቅበላውን ጨርሶ ሲጾም፣ እነሱ ሐሙስ ላይ ክርስቶስን በኅዳር ሊያስነሡ!

«ኃጢአቱስ?» አለች ብሩክታዊት።

«እኔ እሸከመዋለሁ። ስንት ዓመት ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ስነዳ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ።»

«አንተስ ትበላለህ?»

«እኔ? እኔ ጀማነህ?»

የጀማነህ ጾም በኮሎምበስ ሐበሻ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የታወቀውም ራሱ ጀማነህ ስለሚያወራው ነው። ከዕለት እንጀራው እስከ መኪናው ጎማ የማያጋንነው ነገር የለም፤ አንድ ኩንታል ባነሣ አምስት ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢሰለፍ ሁለት ቀን ነው። «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንዲት ረቡዕ አልሻርኩም» የሚለው ግን፣ ለጉድ ነው፣ እውነት ነበር። ያስተማሩት እናቱ ናቸው። ከእሳቸው ከወረሰው ነገር ሁሉ ሳይጨምርበት የሚያወራው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላው ዶሮ ወጥ ሲበላ እሱ ራቅ ብሎ ሽሮውን እንዲበላ ተስማሙ። ብሩክታዊት ታስተናግዳለች፤ የምታስተናግድ ሴት ደግሞ በላሽ አልበላሽም የሚላት የለም።

ረቡዕ ዕለት ገበያ ወጡ። ቅቤውንና ድፎ ዳቦውን ከሐበሻ ሱቅ አገኙ። ቄጠማ ግን በዚያ ብርድ ከየት ይምጣ? ጀማነህ ከዕቃ መሸጫው ሰው ሠራሽ ሣር አስቆርጦ ገዛ፤ «ስታዲየም የሚያለብስ» ነበር በእሱ አነጋገር፤ ሲነጠፍ ግን የሳሎኑን እኩሌታ ሸፈነ። ገንዘብ መክፈያው ጋ ሳሉ እሸቱ ደወለ። እሸቱ የሰፈራቸው ልጅ ነው፤ በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ማግሥት የአጥቢያቸው ወንዶች ቅናሽ ዕቃ ሊሻሙ ሲወጡ ጀማነህ ይመራል፣ እሱ ይከተላል።

«ጋሼ፣ ዓርብ ጧት እንደ ወትሮው ነው አይደል? ሰባ አምስት ኢንች ቲቪ ይወጣል አሉ።»

«ከሰባ አምስት በታች ያለውማ ቲቪ አይባልም፤ የስልክ ወንድም ነው። ሱቁ በር ላይ ጠብቁኝ።»

አሁን ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ቅቤው ድስቱ ውስጥ ሲገባ፣ ከዝግ በሩ ጀርባ ድምፅ መጣ።

«ማነው በሑዳዴ ቅቤ የሚያቁላላው?»

ብሩክታዊት ማማሰያውን ለቀቀች። ጀማነህ እጁን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ እማዬ! ጾሙ ወጣ፣ ፋሲካ ነው!»

ወይዘሮ እናናዬ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ስቅለትስ? ሳልሰግድ?»

«ሰግደሻል እንጂ! የቤተ ክርስቲያኑ ምንጣፍ እስኪሳሳ ሰገድሽ። ቄሱ ‹ይበቃዎታል፣ ሌላውም ይሰግድበት› ብለው አስነሡሽ።»

እናቱ ጉልበታቸውን ዳበሱ። «እንግዲያ ለዚህ ነው እንዲህ የሚቆረጥመኝ» አሉ።

አቅፎ ሳሎን አወጣቸው። ባዶ ልብስ እንጂ ሰው የተሸከመ አልመሰለውም። እግራቸው ሣሩን ሲነካ ጎንበስ አሉና አንዱን ዘለላ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

«ቄጠማው አይሸትም።»

«ዘንድሮ ዝናብ በዝቶበት ነው» አለ ጀማነህ።

በመስኮቱ መንገዱን አዩ። መኪና የለም፣ ሰው የለም፤ ግራጫ ሰማይ ብቻ ጣሪያው ላይ ተቀምጧል። «እውነትም በዓል ነው፤ ጭር ብሏል» አሉ፣ ፊታቸውም ትንሽ ፈታ አለ።

ሲና ቲቪው ላይ የአጥቢያቸውን ያለፈውን የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ ከፈተች። ከበሮ፣ ጧፍ፣ ነጭ በነጭ የለበሰ ምእመን። ካሜራው በሴቶቹ በኩል ሲያልፍ አንዲት ረጅም ሽማግሌ ሴት ላይ ቆም አለ፤ ጧፏን ከፍ አድርጋ፣ ያለመቋሚያ ቀጥ ብላ የቆመች።

«ያቺ ሴትዮ ማናት?» አሉ ወይዘሮ እናናዬ። «እንዴት ያለች ብርቱ ናት! ሌሊቱን ሙሉ ቆማ!»

ያቺ ሴትዮ ራሳቸው ወይዘሮ እናናዬ ነበሩ።

«ጎበዝ ናት አይደል፣ እማማ?» አለች ሲና በቀስታ።

«እግዜር ያቆያት» አሉ አያቷ።

ማዕዱ ቀረበ። ጀማነህ ጉሮሮውን ጠርጎ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!» ሲል፣ እናቱ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!» ብለው ተቀበሉት። ቀጣዩንም፣ የዚያን ቀጣይም፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ አደረሱት። የልጃቸውን ስም የረሳ አፍ ግእዙን እንደ ውኃ አወረደው። ብሩክታዊት ዕንባዋን በሽንኩርቱ አሳበበች።

«ይሄ ምን ዓይነት ዶሮ ነው?» አሉ ወይዘሮ እናናዬ፣ ሳህኑን አሻግሮ የተጋደመውን ፈረሰኛ እያዩ።

«የዚህ አገር ዶሮ ነው፣ እማዬ። እንደ ዝሆን ነው የሚያረቡት።»

«አባትህስ? ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም?»

«ሰዎች ይዘውት ነው። እኛ እንድንጀምር ብሏል።»

እናቱ እንጀራ ቆረሱ፣ ወጡን ነኩ፣ እጃቸው ወደ አፋቸው ተነሣ። ቤቱ ሁሉ አብሮ አፉን ከፈተ። መንገድ ላይ ግን እጃቸው ቆመ። ዓይናቸው ከጠረጴዛው ጥግ፣ ጀማነህ ፊት ያለችው ትንሽ ሳህን ላይ አረፈ።

«ያ ሽሮ አይደለም?»

«እ... እኔ ቀደም ብዬ በልቼ ነው፣ እማዬ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። አንድ በግ ብቻዬን ጨርሼ...»

«የበላ ሰው ሽሮ ምን ያደርጋል?»

ጀማነህ በሕይወቱ ውሸት ሲጎድለው ይህ የመጀመሪያው ነው። ወይዘሮ እናናዬ ጉርሻውን ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱት።

«ጾሙ አልወጣም» አሉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ድካም ብቻ ነው። «አሮጊት ናት ብላችሁ ልታበሉኝ ነው። እኔስ ሞኝ ልሁን፤ አምላክንስ ታታልሉታላችሁ?»

«ኖ፣ እማማ፣ ኖ!» አለች ሲና። «ፋሲካ ነው! እኔ በልቼያለሁ፣ እዪ!»

«አንቺ ልጅ ነሽ።» ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ አትዋሸኝም። አፍህ ይዋሻል እንጂ ጾምህ አይዋሽም፤ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። እውነት ፋሲካ ከሆነ ብላ።»

ብሩክታዊት ሳህን እንደያዘች ቆማ ባሏን አየችው። ጀማነህ የእናቱን አንጓ አየ፤ ሰዓት ቢታሰርበት ወደ ክንድ የሚንሸራተት፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። ወንበሩን ጎትቶ ወደ እሳቸው ተጠጋ።

«አንቺው አጉርሺኝ» አለ።

ከፈረሰኛው ቀነጠቡ፣ በእንጀራ ጠቀለሉ፣ አጎረሱት። አኘከ። ሲያኝኩት አዩት፤ ሲውጥ ጉሮሮውን አዩ። ከዚያ በኋላ ነው «ተመስገን፣ ለዚህ ያደረሰኝ!» ያሉትና ለራሳቸው የቆረሱት። አንድ ጎረሱ። ደገሙ። እንቁላል በሉ። መረቁ በጣቶቻቸው መሐል ሲወርድ ላሱት። ድግስ አልበሉም፤ ሲና በኋላ ብታየው ሳህኑ ገና ሙሉ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ከመስከረም ወዲህ በዚያ ቤት እንዲህ የተበላ አልነበረም።

ጀማነህ የእጅ ማስታጠቢያውን አመጣላቸው።

«እንግዲህ ጾም የለም» አሉ እናቱ፣ እጃቸውን እየታጠቡ። «ሃምሳው እስኪወጣ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ። አንተም ከስተሃል፤ ጧት ጧት እኔ ዘንድ እየመጣህ እንበላለን። አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም።»

ጀማነህ ከሚስቱ ጋር ተያየ። ከዚያ ቀን ሃምሳ ቢቆጠር ነቢያት አልቆ፣ ገና አልፎ፣ ጥምቀት አፋፍ ይደርሳል። እሳቸውስ ሃምሳውን ይዘልቁታል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

«እሺ፣ እማዬ» አለ።

ዓርብ ጧት ከልብስ እስከ ቲቪ፣ ከጎማ እስከ ወተት የሚሸጠው ትልቁ ሱቅ በሩን ሲከፍት፣ የአጥቢያው ወንዶች እጃቸውን በትንፋሻቸው እያሞቁ ተሰልፈው ነበር። መሪያቸው ዘግይቶ መጣ። ሰላም ሳይል፣ ወደ ቲቪው የሚጎርፈውን ሰው ሰንጥቆ በሌላ በኩል ጋሪውን ገፋ።

እሸቱ ሮጦ ደረሰበት፤ ሁለት ጓደኞቹም ተከተሉት። «ጋሼ! ቲቪው በዚያ ነው እኮ! ሊያልቅ ነው!» ከዚያ ጋሪውን አየ፤ ዶሮ፣ ቅቤ፣ አንድ ካርቶን እንቁላል። ሳቀ። «አሃ! ልጆች አስቸገሩ በለኛ። ለሲና ነው?»

ራስ መነቅነቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ሦስቱም ፈገግ ብለው፣ መልሱን አስቀድመው አምነው ጠበቁት።

«አይደለም» አለ ጀማነህ። «እኔ ነኝ የምበላው። ትናንትም በልቻለሁ።»

ፈገግታው ከፊታቸው ተራ በተራ ወረደ። ጀማነህ ሌላ ምንም አልጨመረም፤ እጁን ዘርግቶ ሁለተኛውን ካርቶን አነሣ፣ ከፍቶ የተሰነጠቀ እንዳለ አየና ጋሪው ውስጥ አስቀመጠው።