በጥር የፈረመው ሟች

ጓዴ የተቀበረው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ጥር ስድስት ቀን ደግሞ ፈረመ።

ሚስቱ ይርገዱ ይህን ከማወቋ በፊት ያወቀችው የሰውን ፊት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከአጠገቧ ዘወር ማለት ጀመሩ። ውኃ ስትወርድ ጨዋታው ይቋረጣል። በመጨረሻም የደብሩ አለቃ አስጠርተው፣ «ለመንፈቁ ተዝካር አትድከሚ። ጸሎት የሚያደርስለት ካህን የለም» አሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት መሬቱን በገመድ ሊያስለካ ነው የተባለ ጊዜ የዋርካ ጊዮርጊስ ሰው፣ ዛሬ የተለካ ርስት ነገ የሌላ ነው ብሎ፣ በታቦቱ ፊት ተማማለ። ለልኬት ወረቀት ጣቱን የሰጠ የተወገዘ ይሁን ተባለ። ጓዴም ከማሉት አንዱ ነበር። አሁን ግን ቢቸና የተቀመጠው የልኬት አስማሚ ጉባኤ፣ በማባዣ መኪና አባዝቶ በየከተማው የለጠፈው ዝርዝር ወጣ። «በፈቃዳችን ተስማምተናል» ከሚሉት መካከል የጓዴ ስም አለበት ተባለ። ወረቀቱን ከመንደሩ ሰው ያነበበው የለም። ወሬው ግን ሳይነበብ ደርሷል።

ይርገዱ ባሏ እንዲህ ያለ ሰው እንዳልነበር ታውቃለች፤ ማወቋን ግን ማን ይቀበላታል?

በዚያው ሰሞን አብዱልዋሂድ መጡ። ከሞጣ ጨርቅ ጭነው በየገበያው የሚዞሩ ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። በቅሏቸውን ከደጇ አቁመው፣ «ይርገዱ፣ የጓዴን ስም ሞጣ ግድግዳ ላይ አየሁት» አሏት።

«እርስዎም ሊሰድቡኝ መጡ?»

«ስድቡስ ለጻፈው ነው። ቀኑን ስመለከት ጥር ስድስት ይላል። የመገነዣውን አቡጀዴ በኅዳር ከማን ነው የገዛሽው?»

«ከእርስዎ ነዋ።»

«ታዲያ በእጄ ለክቼ ያለበስኩት ሰው በጥር ተነሥቶ ጣቱን ሰጠ? አቡጀዴዬንስ ምን አደረገው?»

ይርገዱ ካዘነች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቢቸና መንገድ ጀመረች።

ጉባኤው የተከራየው ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። ሰብሳቢው ፊታውራሪ አካለ ወልድ ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። በስተጎናቸው ስማቸው የሚባለው ጸሐፊ፣ ጠጉሩ የሸሸ ባለመነጽር ሰው፣ የጽሕፈት መኪናውን ያንቀጫቅጫል። ይርገዱ እጅ ነሥታ ጉዳይዋን ተናገረች።

«ሞቷል ነው የምትዪው?» አሉ ፊታውራሪ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«መቃብሩ አለ። ተሸክሜ እንዳላመጣልዎ ከበደኝ።»

የጽሕፈት መኪናው ድምፅ ቆመ። ስማቸው ጉሮሮውን ጠራረገ። ፊታውራሪ ግን ፋይሉን አስመጥተው ገለጡና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። «ነይ፣ እዪው።»

በጓዴ ስም ትይዩ ሐምራዊ የጣት አሻራ አለ። አሻራው መካከሉ ላይ በአግድም የተሰነጠቀ ነበር። ጓዴን በልጅነቱ ማጭድ የቆረጠው እዚያ ላይ ነው። ይርገዱ ያን ጣት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ታውቀዋለች።

«የባልሽ ነው፣ አይደለም?»

«ነው» አለች፤ መዋሸት አልቻለችም።

«እንግዲያስ!»

ፋይሉን ሊዘጉት ሲሉ ግን ይርገዱ ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም። «ተስማምተናል» የሚለው የላይኛው ገጽ ዛሬ ከእሽጉ የወጣ ይመስል ነጭ ነው። አሻራዎቹ ያሉበት የታችኛው ግን ወይቧል፤ ጠርዙም ተበልቷል። ሐምራዊው ቀለም ትዝ አላት። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ክሊኒክ እናስከፍታለን ብሎ በየደብሩ ጣት ሲያስፈርም፣ ጓዴ ጣቱን በአዲሱ ጋቢ ጠርጎ መጣ። ያን ነጠብጣብ ለማስለቀቅ እንዶድ ጨርሳ፣ ባሏንም ተቆጥታ፣ እድፉ አልለቅ ብሏት ቀርቷል።

«ይህ የክሊኒኩ ወረቀት ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ክሊኒክ ይከፈትልን ብለን ጣት የሰጠንበት። ራሱን ቀይራችሁ ሌላ ራስ ገጠማችሁለት። ለመሆኑ ክሊኒኩስ የት ደረሰ?»

ፊታውራሪ ፋይሉን ጥርቅም አደረጉት። «ስሚ አንቺ ሴት። መንግሥት የሚያውቀው መዝገብ ነው። በእኛ መዝገብ ባልሽ ጥር ስድስት ቀን በሕይወት ነበረ። አበቃ።»

«በሕይወት ነበረ?»

«ነበረ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ይርገዱ እጅ እየነሣች። «እንዲያ ከሆነ ገና አላለቀስኩለትም።»

ፊታውራሪ ነገሩ አልገባቸውም። የገባቸው በገበያው ቀን ነው።

ይርገዱ መንደሯ እንደደረሰች በቀጥታ የሄደችው ወደ ደብሩ አለቃ ነው። አብዱልዋሂድ ያነበቡትን ቀንና ራሷ ያየችውን ወረቀት ስትነግራቸው፣ አለቃው «ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር» እያሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያም «ልቅሶው መቼ ነው?» አሏት።

በገበያው ቀን የዋርካ ጊዮርጊስ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ የጓዴን ጋሻና ጎራዴ ይዞ፣ ከጉባኤው ግቢ ገባ። ከፊት የአገሩ አልቃሽ እትዬ ባንቺዓለም አሉ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ፣ «ተበተኑ! ስብሰባ ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ልቅሶ ይበተናል ወይ ልጄ?» አሉት ባንቺዓለም። «ወይ አልቅስ፣ ወይ ዘወር በል።»

ፖሊሱ ቆቡን አወለቀ። እሳቸውም ደረታቸውን መትተው ጀመሩ።

«ሁለት ሞት ሞተልኝ፣ አንዱ በእግዜር እጅ፣
አንዱ በቀለም ነው፣ በጉባኤው ደጅ።»

ገበያተኛው እህሉን እየተወ አጥሩን ከበበው። ባንቺዓለም ሰዉ እስኪጠጋ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ረገብ አድርገው ቀጠሉ።

«እንግዳ መስሎኝ ነው፣ ደጄን ሲያንኳኳ፣
መሬቴን ሽቶ ነው፣ ያ ሰውዬ ለካ!»

«ማን ለካ?» አለ አንድ የቅኔ ተማሪ ከኋላ።

«ገና አልለካም! አይለካምም!» አሉ ብዙዎች ባንድ አፍ። ልቅሶው በሳቅ ተደባለቀ።

ፊታውራሪ አካለ ወልድ ወጡ፤ ጸሐፊው ስማቸውም ተከተላቸው። «ሴትዮ፣ በቃ፤ ስሙን እንሰርዘዋለን። ሰውሽን ይዘሽ ሂጂልኝ» አሉ።

«አይሰረዝ» አለች ይርገዱ። «የተሰረዘ ሰው ገብቶ የወጣ ይመስላል። ጓዴ አልገባም።»

«ታዲያ ምን ይሁንልሽ?»

«ይጻፍልኝ። በኅዳር ሞቷል፤ ጣቱንም የሰጠው ለክሊኒክ ነው ተብሎ ይጻፍ፤ ማኅተም ይመታበት። እዚህም፣ ሞጣም ይለጠፍ።»

«ወህኒ እንደምትወርጂ ታውቂያለሽ?»

«እወርዳለሁ። ስንቅ የሚያመላልስልኝ ባሌ አለ፤ በሕይወት ነበረ ብለውኝ የለ?»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ፖሊሱ እንኳ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ፊታውራሪ ሕዝቡን አዩ፤ መጨረሻው አይታይም። በእጃቸው ለጸሐፊው ምልክት ሰጡት። እሱም ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር፣ ከጓዴ ስም ጎን እንደተባለው ጻፈ። ጮክ ብሎ አነበበና ማኅተሙን መታ።

አለቃው መስቀላቸውን አወጡ። «ጓዴን ያማን ሁሉ ይቅር ይበለን» አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ይርገዱ ዞሩ። «ተዝካሩን እኔ ራሴ እቀድስለታለሁ።»

ሰዉ ሊነሣ ሲል፣ ከሌላ ደብር የመጣ አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ውጭ ድምፁን አሰማ። «የእኔም ወንድም አለበት ይላሉ። ዓመት አልፎታል ከሞተ። እስቲ አንብቡልን!»

«ጉባኤው ለዛሬ ተዘግቷል» አሉ ፊታውራሪ። ገብተው በሩን ዘጉ።

ጸሐፊው ስማቸው ግን ከግድግዳው አልተነቃነቀም። ዝርዝሩን በጽሕፈት መኪና የመታው እሱ ነው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ወደ ይርገዱ ተመለከተ።

የእርሷ ጉዳይ አልቋል። መንገዱም ሩቅ ነው። ቢሆንም ነጠላዋን አመቻችታ ከፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። ባንቺዓለም አጠገቧ ተቀመጡ፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ።

«ከአንደኛው ስም ጀምር፣ ጸሐፊው» አለችው። «አንድም እንዳትዘል።»