የሦስት ሜትር ገመድ

እነ ብርሃነሽ በሚኖሩበት የምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከለው ሟች ደጅ ላይ፣ መንገዱን ከአጥር እስከ አጥር ዘግቶ ነበር። ሦስት ቀን ባጃጅ እንኳ አያልፍም። ይህን ነውር ያለ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም መንገዱ ካልተዘጋ ሟች የተናቀ ይመስል ነበር።

አምና በአንዱ ለቅሶ መሀል፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ያለው የታቢታ ቤት በኤሌክትሪክ ተያያዘ። የእሳት አደጋ መኪናው ፈጥኖ መጣና ድንኳኑ ፊት ቆመ። ካስማው ተነቅሎ፣ አግዳሚው ተነሥቶ፣ ሸራው ተጠቅልሎ እስኪያልቅ ቤቱ ከነዕቃው አመድ ሆነ። ታቢታ ወጣት ልጇን ሩታን በመስኮት ባታወጣት ኖሮ ሌላ ድንኳን መትከል ግድ ይል ነበር። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሲቆጭ ከረመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ብርሃነሽ ግን መቆጨት ብቻ አልበቃትም። የዕድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ናት፤ ያንን ድንኳን አውጥታ የሰጠችው እሷ ነበረች። እሳት አደጋ ጣቢያ ድረስ ሄዳ ሾፌሩን አምሳሉን፣ "መኪናችሁ ለማለፍ ስንት ይበቃዋል?" አለችው። እሱም ሦስት ሜትር ገመድ ለክቶ ቆረጠላት። በሚቀጥለው እሑድ ገመዱን ይዛ ስብሰባ ላይ ቆመች።

"ከእንግዲህ ይህቺን ታህል መንገድ ሳይተው የሚተከል ድንኳን ከዕቃ ቤት አይወጣም" አለች።

"ታዲያ ሟችን ጥግ አስይዘን ልንሸኝ ነው?" አሉ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ባዬ።

"ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሽ ባዬ። የሞተውን እንቅበር፤ በሕይወት ያለውን ግን አብረን አንቅበር።"

ጉርምርምታው በዛ፤ ሆኖም ጸደቀ። "በእሷ ሲደርስ እናያታለን" ያሉም ነበሩ።

ደረሰባት። በሰኔ ወር ባሏ መምህር ሰለሞን አረፉ። ግማሹ ሰፈር ተማሪያቸው ነበርና ለቀስተኛው ጎረፈ። አቶ ባዬ ጠጋ ብለው፣ "ብርሃነሽ፣ ለመምህር እንኳ ሙሉውን እንትከልላቸው። ማንም አይወቅስሽም" አሏት። ከልባቸው አዝነውላት ነው።

እሷም ፈልጋ ነበር። ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረች ሚስት ባሏ በክብር ቢሸኙላት አትጠላም። ግን ተነሥታ ዕቃ ቤት ገባችና ገመዱን ይዛ ወጣች። አንዱን ጫፍ ከአጥር አስጠግታ የሚይዝላት ሰው ስትፈልግ፣ ታቢታ ሳትጠራ መጥታ ያዘችላት። ብርሃነሽ ሌላውን ጫፍ ወጥራ፣ "ካስማው እዚህ ነው" አለች። ድምጿ ተሰበረ፤ ገመዱን ግን አላላላችም።

ድንኳኑ ጠቦ፣ ረዝሞ ተተከለ። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ ቦታ ያጣው ፀሐይ ላይ ቆመ። "ለገዛ ባሏ እንኳ!" ብሎ ያሽሟጠጠም ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። መንገዱ መጨረሻ ላይ እንደገና በተሠራው ቤታቸው ሩታ ምጥ ላይ ነበረች፤ ደም በብዛት ይፈሳታል። ለቀስተኛው እግሩን ሰበሰበ። ብርሃነሽ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አደግድጋ መንገዱ ዳር ቆመችና የመኪናው መስታወት ሸራውን እንዳይነካ እያየች በእጇ "እለፍ፣ እለፍ" ትል ጀመር። አምቡላንሱ ገባ፤ ሩታን ይዞ ወጣ። አንድም ካስማ አልተነቀለም።

ከሰዓት በኋላ ታቢታ ከሆስፒታል ለብርሃነሽ ደወለች። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ሐኪሙም፣ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር ብሏታል።

አቶ ባዬ ወሬውን ሰምተው ወደ ብርሃነሽ ጠጋ አሉ።

"ብርሃነሽ፣ የእኔም ቀን ሲደርስ በዚያችው ገመድ ለኪልኝ።"

"እለካልዎታለሁ ጋሽ ባዬ" አለች።

ከዚያ ፍራሿ ላይ እንደተቀመጠች፣ ከትናንት ጀምሮ አፍና የያዘችውን ለቅሶ ለባሏ አለቀሰች።